ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚመጣው ሐሳብ፦ ለአረጋውያን ጭንቀት የትኛው መላ ይሻላል?

አባቴ ጡረታ ሲወጣ መካሪው በዛ። አጎቴ "እግር ጉዞ ጀምር" አለው። አክስቴ ጸበል ልትወስደው ቀን ቆረጠች። አሜሪካ ያለው ልጇ ለማረጋጋት የሚረዳ የስልክ አፕ ላከለት፤ አፑ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። ሰፈር ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ያለ ማዘዣ ቢጫ ክኒን ሰጠው። ሁሉም የሚያምንበትን አመጣ። "አባዬ፣ ይሄ ሐሳብ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣብህ?" ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩትም።

መላው የሚመረጠው ከዚህ ጥያቄ ተነስቶ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ጠዋት ቤት ባዶ ሲሆን የሚመጣ ጭንቀት አለ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ አለ። ወር ሊሞላ ሲል የሚመጣም አለ። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

መጀመሪያ፣ ጭንቀት ያልሆነውን እንለይ

ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ "ተናዶ ነው" ተብሎ አይታለፍም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ቀኑና ቦታው ከጠፋባቸውም እንደዚያው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ብዙ ትኩሳት ሳያሳይ በመደናገር ብቻ ሊገለጥ ይችላል።

ቀስ ብለው የሚመጡም አሉ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም ልብ ያስደልቃል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ግፊትና ስኳር ይለኩ፤ ሐኪሙ ካዘዘም ታይሮይድ ይታይ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ዝርዝር ከመጻፍ ፌስታሉ ይሻላል፤ የሚረሳ አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን "ምነው በወሰደኝ" ሲሉ እንደ ጸሎት ስለምንቆጥረው ጆሮ አንሰጠውም። ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ካስጠላቸው፣ የሚወዱት ነገር ደስ ማለቱን ካቆመ፣ ይህ ቃልም ከተደጋገመ፣ ነገሩ የዕለት ጭንቀት ከመሆን አልፏል። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው።

በምን እንለካ?

አምስት መለኪያ ወስጃለሁ። መቼ ይሠራል? ወጪው ስንት ነው? ምን መዘዝ አለው፣ በተለይ መውደቅና ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት? ሰው ያገናኛል ወይስ ብቻ ያስቀምጣል? አምስተኛው የራሴ ነው፤ ክረምትን ይሻገራል ወይ? በመስከረም የተጀመረ ስንት ጥሩ ነገር በሐምሌ ዝናብ ቀርቷል።

እግር ጉዞ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች፣ ከ65 ዓመት በላይ ላሉትም ጭምር፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። አሥር አሥር ደቂቃ ተከፋፍሎም ይቆጠራል። "መካከለኛ" የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያስቸግርበት ፍጥነት ነው። ለአረጋውያን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመራል። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ይበቃል።

የጠዋት ጉዞ ሌላ ጥቅም አለው። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ተመችተዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው "መንገድ ለሰው" የተባለው ከመኪና ነፃ እሑድም እንዲሁ።

መዘዙ? የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ የንጋት ውሻ፣ የተሰበረ የጉድጓድ ክዳን። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ድንገት ሲነሱ ሊያዞራቸው ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ይያዙ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ የስኳር ታማሚ ከሆኑ ግን ጉዞውን ብቻ ሳይሆን ጾሙንም ከሐኪምና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። በረመዳንም ያው ነው።

በክረምት ነገሩ ይላላል። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ኮሪደሩን መመላለስ ይችላል፤ ጎረቤት ግን "ምን ነካቸው?" ማለቱ አይቀርም። ይበል።

ትንፋሽና መቁጠሪያ

ይሄ በቅጽበት የሚሠራ ነው። ባንክ ሰልፍ ላይ፣ ከልጅ ጋር በስልክ ከተጋጩ በኋላ፣ ሌሊት ልብ ሲመታ። አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አምስት ደቂቃ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። የሚያረጋጋው በተለይ ረዘም ያለው ማስወጣት ነው፤ የልብ ምት ዝግ ይላል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ትንፋሽ አምቀው የሚይዙበትን ዓይነት ይተዉት። ካዞረ ማቆም ነው።

አባቴ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። "ልጄ፣ ትንፋሽ ደግሞ ትምህርት አለው?" አለኝ። መቁጠሪያውን ይዞ ቀስ ብሎ እንዲጸልይ ስነግረው ግን ገባው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርደው አሳይቷል። በእኛ "እግዚኦ መሐረነ" ወይም በተስቢህ ላይ የተደረገ አይደለም። ግን አንድን ቃል በአንድ ረጅም ትንፋሽ ቀስ ብሎ ማለት ያው የትንፋሽ ልምምድ ነው። ለማስጨረስ የሚሮጥ ከሆነ አይሠራም።

ጡንቻ ማፍታታትም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1920ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ እያንዳንዱን ጡንቻ አምስት ሰከንድ ያህል አጥብቆ መልቀቅ። ለሌሊት ጥሩ ነው። ቁርጥማት ያለበት ቦታ ይታለፍ።

የዚህ አማራጭ ድክመት ብቻን የሚደረግ መሆኑ ነው። ብቸኝነት ለሚያስጨንቀው ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ መተንፈስ ግማሽ መፍትሔ ነው።

እድር፣ ማኅበር፣ ጀመዓ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአባቴ ነገር የተፈታው እዚህ ነውና።

አንድ ቀን በመጨረሻ ጠየቅኩት፤ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣብህ? "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት" አለኝ። ምን እያሰብክ? ዝም ካለ በኋላ ተናገረ። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጊዜ ጀምሮ የድሮ እድሩን መክፈል አቁሞ ነበር። አዲሱ ቦታ የሚያውቀው የለም። "ብሞት ማን ያነሳኛል?" ነው ሐሳቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ እንቅልፉ ስናወራ ሰውየው ስለ ቀብሩ ነበር የሚያስበው።

ጡረታ ደመወዝን ብቻ አይቀንስም። ማለዳ የሚጠብቅህን ሰው፣ "ጋሽ እገሌ የት ሄደ?" የሚለውን ይወስዳል። እድር ይህን ይመልሳል። ሰብሳቢነት፣ ገንዘብ ያዥነት፣ ጸሐፊነት አለው፤ ዕድሜ እዚያ ዋጋ ነው። የተለያየ ሃይማኖት ያለውን ጎረቤትም ያገናኛል። ሰፈር የቀየሩ ሰዎች የድሮውን እድር በርቀትም ቢሆን መክፈል መቀጠል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚፈቅድ እድር አለ። ካልሆነም አዲሱ ሰፈር ባለው እድር ሳይውሉ ሳያድሩ ይመዝገቡ።

ግን ይሄም መዘዝ አለው። በሳምንት ሦስት ድንኳን የሚቀመጥ ሰው ሐዘን ይጠራቀምበታል፤ በተለይ ሟቹ የዕድሜ እኩያ ሲሆን። የማኅበር ተራ ሲደርስ ደግሞ ድግሱ በጡረታ አይቻልም። እናቶች ተራቸው ከመድረሱ በፊት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሉ፤ አፍረው ለልጅ አይናገሩም። ዳቦና ቡና ብቻ እንዲሆን የተስማሙ ማኅበራት አይቻለሁ። ይህን ሐሳብ የሚያነሳ አንድ ደፋር ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ሰው ከሰው መካከል መሸሽ ከጀመረ ጆሮውን አስመርምሩ። የማይሰማ ሰው "ሰለቸኝ" ይላል እንጂ "አልሰማም" አይልም። አንዳንዴ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ማውራት ብቻውን መድኃኒት ይሆናል ወይ ለሚል ሰው የዚምባብዌን ነገር ልንገር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ ሠፈር ያሉ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። የጨነቀው መጥቶ ያወራቸዋል። በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ከእነሱ ጋር ያወሩት ከሌሎቹ የተሻለ እፎይታ እንዳገኙ አሳየ። በሾና ቋንቋ ሕመሙን "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፤ የእኛው "ሐሳብ ማብዛት" ነው። እኔን የገረመኝ አማካሪዎቹ አያቶች መሆናቸው ነው። ምክር ተቀባይ ብቻ የሆነ አረጋዊ ቶሎ ይሰለቻል።

ቡናና ዜና መቀነስ

ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀን አሥር ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ጉበት ከደከመ ከዚያም ይቆያል። ችግሩ፣ ቡና ለኛ መጠጥ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና "ተዉ" ስትሏቸው ጎረቤቷንም ተዉ እያላችሁ ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፤ ጠዋት አቦልና ቶና። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱም ዕጣኑም ይኑር፤ እሳቸው ግን የቀጠነውን በረካ፣ ወይም ሻይ ቅጠል የሌለው የዝንጅብል ውኃ ይዘው ይቀመጡ።

ዜና ላይ አጭር ነኝ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን። ዩቲዩብ ላይ "ሰበር" የሚል ቪዲዮ እያዩ የሚተኙ አባት እንቅልፍ ቢያጡ አይደንቅም።

ባለሙያ ማነጋገር

ሳይኮሎጂስት በንግግር ይረዳል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒትም ያዝዛል። ብዙ ወላጆች "አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው?" ይላሉ። አማኑኤል ብቻውን አይደለም፤ በትልልቅ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። እኔ "የእንቅልፍ ሐኪም ጋ እንሂድ" ብዬ ነው የጀመርኩት። ውሸት አልነበረም።

ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ያወጣው መመሪያ ከክኒን በፊት የንግግርና የልምድ ሕክምናን ያስቀድማል። ከሕጎቹ ጥቂቱን ቤት መጀመር ይቻላል። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስቶ ሌላ ቦታ መቀመጥ፤ ማታ የቱንም ያህል ቢመሽ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ለአረጋውያን ግን በጨለማ መነሳት አደጋ ስላለው ከአልጋው አጠገብ መብራት ይኑር።

ወጪው በግል ክሊኒክ ይከብዳል። በመንግሥት ተቋም ይቀላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው ደግሞ ካርዳቸውን ይዘው ይሂዱ።

ክኒን

ያ ቢጫ ክኒን ዳያዝፓም የተባለ የማረጋጊያ መድኃኒት ነበር። አባቴ በሦስተኛው ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄድ ወደቀ፤ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወገብ ወይም ዳሌ አለመሆኑ እግዜር ሲረዳው ነው።

የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር "ቢርስ" በተባለው ዝርዝሩ ዳያዝፓምና ዘመዶቹን ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ሰዎች እንዳይሰጡ ይመክራል፤ የተለዩ ሕመሞች ካልሆኑ በቀር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፣ ያስወድቃል፣ ያስረሳል፣ ልማድ ይሆናል። ለወራት ሲወስዱት የቆዩ ግን ዛሬ አንብበው ነገ እንዳያቆሙ። ድንገት ማቆም የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።

"የጉንፋን ክኒን ያስተኛኛል" የሚሉም አሉ። ያስተኛል፤ ግን ያደናግራል፣ ፕሮስቴት ያለባቸውን ሽንት ይከለክላል። አንድ መለኪያ አረቄም ቶሎ አስተኝቶ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅሳል። ከዳያዝፓም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል።

ሐኪም መርምሮ ለድባቴ የሚያዝዘው መድኃኒት ሌላ ነገር ነው። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በተለይ ለመቼ | ወጪ | መዘዝ | ክረምት | ሰው ያገናኛል? |
|---|---|---|---|---|---|
| እግር ጉዞ | ለባዶ ጠዋት፣ ለማታ እንቅልፍ | ጥሩ ጫማ | መውደቅ | ይላላል | ከተጠራሩ አዎ |
| ትንፋሽ፣ መቁጠሪያ | ለቅጽበት፣ ለሌሊት | የለም | በጣም ትንሽ | ይሻገራል | አያገናኝም |
| እድር፣ ማኅበር | ለብቸኝነት | ወርኃዊ መዋጮ፣ የድግስ ተራ | ሐዘን መብዛት፣ የወጪ ጫና | ይሻገራል | ከሁሉም በላይ |
| ቡናና ዜና መቀነስ | ለእንቅልፍ፣ ለልብ ምት | እንዲያውም ያተርፋል | ለጥቂት ቀን ራስ ምታት | ይሻገራል | ካልተጠነቀቁ ያራርቃል |
| ባለሙያ | ሌላው ሲያቅት፣ ለቆየ ችግር | ከትንሽ እስከ ከባድ | ትንሽ | ይሻገራል | በመጠኑ |
| ያልታዘዘ የእንቅልፍ ክኒን | ለማንም አይመከርም | ሲገዛ ርካሽ | መውደቅ፣ መርሳት፣ ልማድ | – | ያደነዝዛል |

ታዲያ ለማን የትኛው?

ከጡረታ ሌላ ገቢ ለሌላቸው፦ ጉዞ፣ መቁጠሪያ፣ እድር። በዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን አንድ ላይ። ሦስቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

ሌሊት ለሚነቁ፦ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፣ ጠዋት ብርሃን ይገኝ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ትንፋሽ። አንድ ወር ተሞክሮ ካልተለወጠ ባለሙያ። ሐሳቡ ምን እንደሆነ ግን በቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።

ወር መጨረሻ ለሚጨንቃቸው፦ እዚህ ላይ ትንፋሽ መምከር ስድብ ይመስለኛል። ልጆች ካላችሁ ተነጋገሩና በየወሩ በታወቀ ቀን የታወቀ ገንዘብ ላኩ። ትንሽ ቢሆንም። በበዓል ከሚመጣ ትልቅ ብር ይልቅ ቀኑን የማይስት ትንሽ ብር እንቅልፍ ይሰጣል።

የታመመ ባል ወይም ሚስት ለሚያስታምሙ፦ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ተተኪ ሰው ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን አንድ ሰው ተክቷቸው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ገበያ ይውጡ። "ደህና ነኝ" ቢሉም አትመኗቸው።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ባሕር ማዶ ለሄዱ፦ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወይም ሌላ ቦታ አፓርታማ ውስጥ ከሕፃን ጋር የሚውሉ እናት ጉዞም እድርም የላቸውም። ልጆቻቸው እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ማድረሳቸው አይበቃም። በሳምንት መሐል አንድ ቀን አማርኛ የሚያወራ ሰው ያግኙ፤ አውቶቡሱን ብቻቸውን መያዝ ይልመዱ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ አስተርጓሚ ከሆነ እኚህ እናት "ራሴን ያመኛል" ይላሉ እንጂ ሌላውን አይናገሩም።